የካሊ ሁለተኛ ዓይን

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 ውስጥ በግድግዳ ላይ የተሣሉ ዶሮዎች ሁሉ ሁለት ዓይን አላቸው። ከጎን ተሥለው፣ ምንቃራቸው ወደ ቀኝ፣ ጭራቸው ወደ ግራ ሆኖ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው መንገደኛውን ያያሉ። ፍየሎቹም እንደዚሁ። የዓሣ መሸጫው በር ላይ ያለው ዓሣ እንኳ በአንድ ጉንጩ ላይ ሁለት ዓይን ተሸክሞ ነው የሚዋኘው። ይህ ሁሉ የሠዓሊው ጎረቤቴ የጋሻው ሥራ ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ዓብዱረዛቅ አንድ ቀን ወገቡን ይዞ ቆሞ፣ «ዶሮ ከጎን ስትታይ አንድ ዓይን ነው ያላት፤ እናንተ አገር ዶሮ የለም እንዴ?» ቢለው፣ ጋሻው መሰላሉ ላይ እንደተቀመጠ፣ «ዶሮዋ ምን አጠፋች?» ብሎ መለሰለት። ዓብዱረዛቅ ያችን መልስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወራ ይስቃል። ምን ማለት እንደሆነች ግን እስከ ዛሬ አልገባችውም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔን ሱቅና የጋሻውን ክፍል የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ሲያስል እሰማለሁ፣ እኔም ሳንጎራጉር ይሰማኛል፣ ዝም በል ብሎም ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጠባዩ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ከሱ ጋር ያልተኳረፍኩበትን ሳምንት አልወደውም ነበር፣ ምክንያቱም ስንታረቅ ነው የሚያወራው።

ሥዕል የተማረው ጎጃም ውስጥ፣ ከደብር ደብር እየዞሩ ቤተ ክርስቲያን ከሚሥሉ አንድ አዛውንት ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቀለም መበጥበጥ አልነበረም፣ ዓይን ነበር። ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች፣ እነዚህ ከጎን ይሣላሉ፤ የሚሰጣቸው አንድ ዓይን ብቻ ነው። የሚጸልየው ሰው ዓይኑ ከክፉ ዓይን ጋር እንዳይገጥም ነው ይላሉ፤ ሌላ ምክንያት የሚሰጡም አሉ። ጋሻው ምክንያቱን ጠይቆ አያውቅም። ሕጉን ግን የራሱን ስም እንደሚያውቅ ያውቀዋል።

በደርግ ጊዜ በዚያ አገር አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። የጋሻውን ታናሽ ወንድም ከገበያ አሳፍሶ ወደ ጦር ሜዳ አስጫነው፣ ልጁም በዚያው ቀረ። ጋሻው ያን ዓመት የደብሩን አንድ ግድግዳ ይሥል ነበርና፣ ከገራፊዎቹ ለአንዱ የሊቀመንበሩን አፍንጫ፣ የሊቀመንበሩን የወርቅ ጥርስና የሊቀመንበሩን ኮፍያ ሰጠው። አንድ ዓይንም ሰጠው። እሑድ ሕዝቡ ገብቶ አየ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ጋሻው ሰኞን እዚያ አገር አልዋለም። ሚስቱን ሰብለወርቅን ከነአራስ ልጇ ትቶ አሰብ ገባ። ሰብለወርቅ ጠበቀችው፤ መጠበቁ ሲሰለቻት አገባች፣ ማንም አልፈረደባትም።

«እኔ በአንድ ዓይን ምክንያት ነው ከአገር የወጣሁት» ይላል። በጫት ሞቅ ሲለው በኩራት ይለዋል፣ ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ ያንኑ ቃል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይለዋል። አንድም ቀን ግን ተሳስቼ ነበር ብሎ አያውቅም። ሚስቱንና ልጁን የከፈለበት ነገር ነዋ። እሱ ከተሳሳተ ምን ቀረው?

በ1998 በፈረንጆቹ፣ ጦርነቱ ሲነሳ፣ የአሰብ ሐበሻ በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ጋሻው ፍራሹን ጠቅልሎ ጅቡቲ ወረደ። የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ በዚህ ወደብ መግባት ጀምሮ ስለነበር ሥራ ሞልቷል። በከባድ መኪናዎች በር ላይ ጊዮርጊስን ሣለ፣ አንበሳ ሣለ፣ ጥቅስ ጻፈ። ከዚያ ተለጣፊ መጣ፣ ከዚያ ባነር የሚያትም ማሽን መጣ፣ ጋሻውም ከዶሮና ከዓሣ ጋር ቀረ። የጎጃሙን መንገድ የሚያውቅ ጫላ የሚባል ሾፌር አንድ ቀን ወሬ ይዞለት መጣ፤ ያ ደብር ፈርሶ በሲሚንቶ ተሠርቷል፣ ግድግዳው ላይም የሚያብረቀርቅ የታተመ ወረቀት ተለጥፏል አለው። ጋሻው ሰምቶ፣ «ወረቀቱ ላይ ያሉት ገራፊዎች ስንት ዓይን አላቸው?» ብሎ ጠየቀው። ጫላ አላስተዋለም።

ከዚያ ወዲህ ጋሻውን የሚያንገበግበው አንድ ነገር ነበር። ከሱ እጅ የወጣና ሰው ፊቱ ቆሞ አንገቱን የሚደፋለት ሥዕል በምድር ላይ አልቀረም። «ዶሮ አይቶ ሰው ይርበዋል እንጂ ምን ይሆናል» ይለኝ ነበር። «ሳልሞት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በሥራዬ ፊት ዝም ብሎ ሲቆም ባይ።» እኔም ለምን እንዳዘንኩለት ሳላውቅ አዝንለት ነበር።

እንቁ የመጣችው በፈረንጆቹ 2013 አንድ ዓርብ ነው። ሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ፣ ባንያኖች የምንላቸው የሕንድ ነጋዴዎች ቤት ተቀምጣ የምትሠራ የደሴ ልጅ ናት፤ ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ ቀሚሷን ለማስጠበብ እኔ ጋ ትመጣለች፣ እሷ ስትከሳ እኔ ሳጠብ ስንት ጊዜ። ያን ቀን ግን በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ነበር። ስትፈታው የተኮማተረ ትልቅ መጽሐፍ ሆነ። የሕንዶች የአማልክት መጽሐፍ ነው፤ በየገጹ ሥዕል፣ ከፊት ለፊቱ የሥዕሉ ታሪክ። የቤቱ ባለቤት የኪሾር እናት ከአባታቸው የወረሱት ነው። የጣሪያው የውኃ ታንከር ፈንድቶ መደርደሪያውን አጥለቅልቆት፣ ገጾቹ ተጣበቁ። ኪሾር በቢላ ሲያላቅቃቸው የአማልክቱ ሰውነት ከቦታው ቀረ፣ ፊታቸው ግን እየተላጠ ከማዶው ጽሑፍ ጋር ሄደ። ባለ አራት እጅ፣ ባለ ስምንት እጅ፣ በወርቅ የተንቆጠቆጡ፣ ፊት ግን የሌላቸው።

«ጋሼ፣ ባ መጽሐፉ ከተበላሸ ጀምሮ እህል አልቀምስ ብለዋል» አለችው ጋሻውን። ባ የሚሏቸው አሮጊቷን ነው፤ በነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው፣ ስማቸው ካንታ ነው። «የዶሮዎቹን ሥዕል ነገርኳቸው። ይምጣ አሉ።»

ጋሻው ሸሚዝ ከእኔ ተውሶ ሄደ። ሀራሙስ ያለው ቤት በረንዳው ከእኛ ሰፈር አንድ መንገድ ይበልጣል አለኝ ሲመለስ። ባ ድሬዳዋ ከዚራ ያደጉ ናቸውና አማርኛቸው እንደ ውኃ ይፈሳል፤ እንደ ድሬ ልጅም አንቱታ የሚባል ነገር አያውቁም።

«አንተ ነህ ባለዶሮው ሰውዬ?» አሉት። «ቁጭ በላ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው ምን እንደሚፈልግ ታውቃለህ?»

አላውቅም አላቸው።

«ልጅ ከሆነ እጅ ይቆጥራል። እንግዳ ከሆነ ወርቁን አይቶ ያምራል ይልና ይዘጋዋል። ዐዋቂ ነኝ ባይ ከሆነ ማን ምን እንደያዘ ያጣራል። ዋሽንት የያዘው ማነው፣ አበባ የያዘችው ማናት፣ ይሄኛው የሚሄደው በአይጥ ነው በበሬ። አንዷ ከተሳሳተች መጽሐፉ ውሸታም ነው ይላል፣ ልክ ነው። እኔ ግን ይሄን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቀዋለሁ። እኔ የምገልጠው እንዲያዩኝ ነው። እኔ አያቸዋለሁ፣ እነሱ ያዩኛል፣ በቃ፣ ቀኑ ይጀመራል። አሁን ጠዋት ስገልጥ የሚያየኝ የለም።»

ጋሻው ይህን ቃል በቃል ደጋግሞ ነገረኝ። ባንያን ቤት ሄዶ የመምህሩን ቃል ሰማ። ኪሾር ደግሞ በበኩሉ ሌላ ነገር ነበር የሚፈልገው፤ ፊታቸው እንደ ፊልም ተዋናይ ቀላ ያለ፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንግዳ ሲያገላብጠው የሚያኮራ። ባ ልጃቸውን በእጃቸው ምልክት አስወጡት።

ብዙ ወራት ሠራ። ባ እያንዳንዱን አምላክ በተራ ያወሩለታል፣ ማን እንደወለደው፣ ማንን እንደገደለ፣ ምን እንደሚወድ፤ እሱ ሰምቶ ወደ ቤቱ ይመጣና ይሥላል። ባለ ዝሆን ራሱን ጋኔሽን መጀመሪያ ጨረሰ። የዝሆኑን ግንባር ሰፋ አድርጎ፣ እኛ አገር መላእክት ላይ የምናያቸውን ትልልቅ ጥቁር ዓይኖች ሰጠው። ያን ቀን ሲመለስ ወደ ክፍሉ አልገባም፣ እኔ ሱቅ ገብቶ ልብስ የምተኩስበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

«ቆሙለት» አለኝ። «መዳፋቸውን ገጥመው፣ አንገታቸውን ደፍተው። እንቁ ሻይ ይዛ ገብታ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆሙለት።»

ጀንበሬ የሚባል የማኅበራችን ሰው ይህን ሰምቶ መጣና፣ ጣዖት እየሣልክ ነው፣ ከቁርባን ትከለከላለህ አለው። ጋሻው በሥራው ላይ እንዳለ፣ «ስቆርብ አይተኸኛል?» ብሎ ሸኘው። እኔም ብሆን መጀመሪያ ላይ አሾፍኩበት፣ የዝሆን ዲያቆን ሆንክ አልኩት። በኋላ ግን ተውኩት። ይህ ሰው ጢሙን መላጨት ጀምሮ ነበር። ልጁ የት እንደደረሰች አጠያይቅልኝ ብሎ ጫላን ላከው። ዋሽንት የሚነፋውን ሰማያዊውን ልጅ ሠራ፣ ተራራ ተሸክሞ የሚበረውን ጦጣ ሠራ፣ አበባ ላይ የቆመችውን ባለጸጋ ሠራ። ሁሉም በሁለት ሁለት ዓይናቸው ያያሉ።

አንዲት ቀረች። እሷን ባ ለመጨረሻ ነበር ያስቀመጧት። «እሷ የቤቴ ናት» አሉት፤ «የእናቴም፣ የእናቴ እናትም እሷን ነው የያዝነው። እሷን ረጋ ብዬ ነው የማወራልህ።» ስሟ ካሊ እንደሆነ ብቻ ነገሩት። በዚያው ሳምንት ልባቸው ደከመና ሆስፒታል ገቡ። ኪሾር ደውሎ፣ እናቴ ስትወጣ መጽሐፉ ተጠርዞ እንዲጠብቃት እፈልጋለሁ፣ የቀረውን ቶሎ ጨርስ አለው። ጋሻው ታሪኳን አልሰማሁም አለ። ኪሾር ታሪክ አያውቅም፣ የሚያውቀው ሲሚንቶ ማስመጣት ነው። «ሥዕሉ አለልህ፣ ያንን አይተህ ሥራ» አለው።

ጋሻው የተበላሸውን ገጽ በመስኮቱ ብርሃን ይዞ አየው። ፊት የለም። ሰውነቷ ጥቁር ነው፣ እንደ ከሰል። አንገቷ ላይ የተቆረጡ የሰው ጭንቅላቶች እንደ ጨሌ ተሰክተው ተንጠልጥለዋል። በአንዱ እጇ ማጭድ የመሰለ ስለት፣ በሌላው ደም የሚያንጠባጥብ ራስ። ከእግሯ ሥር አንድ ወንድ ተዘርሯል፣ ደረቱን ረግጣዋለች። ፊቷ በተላጠበት ቦታ ከአገጯ በላይ አንዲት ቀይ ጫፍ ቀርታለች። ደም ነው ብሎ አሰበ። ጠርቶኝ አሳየኝ፤ እኔም ደም ነው አልኩ። እኛ አገር ያደገ ሰው ሌላ ምን ይላል? እንዲህ ያለውን ሁለታችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ቦታው ከቤተ ክርስቲያኑ በር በስተግራ ነው፣ የሲዖል እሳት ከተሣለበት።

ስለዚህ ከጎን ሣላት። ጥርሷን አወጣው፣ ቅንድቧን ሰቀለው፣ አንድ ዓይን ሰጣት። እውነቱን ለመናገር ከሠራቸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ነበረች። ያን የጎጃሙን ግድግዳ ከለቀቀ ወዲህ አንድ ዓይን ሲሥል የመጀመሪያው ነው፤ እጁ እንዴት እንዳልረሳ ሲያይ ራሱም ተገረመ። በደስታ ነው ወስዶ ያስረከበው።

ቀጥሎ የሆነውን እንቁም ጋሻውም ለየብቻቸው ነግረውኛል፣ ሁለቱም ቃላቸው አንድ ነው። ባ ከሆስፒታል ወጥተው አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው መጽሐፉን ተቀበሉ። ሌሎቹን አላዩም፣ በቀጥታ የመጨረሻውን ገለጡ። አዩ። መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ አቀረቡት። ጣታቸውን በጉንጯ ላይ አስኬዱ፣ ሁለተኛውን ዓይን የሚፈልጉ ይመስል።

«ፊቷን ለምን አዞርክብኝ?» አሉት።

ጋሻው ክፉዎች እንዲህ ነው የሚሣሉት አላቸው።

«ማን ክፉ ናት አለህ?»

«እማማ፣ ይኸው ደም ጠጥታ፣ ሰው ረግጣ» አለ።

ባ ቀስ እያሉ ነገሩት። አንድ ጋኔን ነበር፤ ደሙ መሬት በነካ ቁጥር ከእያንዳንዷ ጠብታ እንደሱ ያለ ሌላ ይወለዳል። አማልክቱ ሁሉ አልቻሉትም። ካሊ ግን ደሙን መሬት ሳይደርስ በምላሷ ተቀበለችው፣ ዓለምንም አዳነች። ከዚያ ቁጣዋ አልበርድ አላት፤ ትረግጣለች፣ ምድር ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ባሏ መጥቶ በፈቃዱ ከእግሯ ሥር ተኛ። ረግጣው ቁልቁል አየች፤ ባሏ ነው። አፍራ ምላሷን ነከሰች።

«ደም አይደለም» አሉት፤ «ምላሷ ነው። ያፈረች ሴት ናት። እናቴ ናት። ጎረቤት ሁሉ ይፈራታል፣ ልጆቿ ግን አንፈራትም። አዙርልኝ ጋሻው። ሁለተኛውን ዓይኗን ስጣትና ወደኔ አዙርልኝ። እኔ እኮ መሄዴ ነው።»

ጋሻው ለማስተካከያ ያመጣውን ብሩሽ ይዞ ቆሞ ነበር። አዎ ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር ይላል። ያን ጊዜ ግን የወንድሙ ፊት መጣበት፣ የሊቀመንበሩ የወርቅ ጥርስ መጣበት፣ ሰብለወርቅ ሕፃኗን አቅፋ በር ላይ እንደቆመች መጣችበት። ጭንቅላት ያንጠለጠለችዋ፣ ባሏን የረገጠችዋ፣ እሷም እናት ከሆነች፣ እሷም ሁለት ዓይን ካላት፣ እሱ ያንን ሁሉ የጣለው ለምን ነበር?

«እማማ፣ ይህን እጄ አይሠራውም» አላቸው።

«እጅህ ነው ወይስ አንተ?»

ብሩሹን ኪሱ ከተተና ወጥቶ ሄደ።

ኪሾር ሞኝ ሰው አይደለም፣ በሳምንቱ ከዱባይ ትልቅ የታተመ የካሊ ሥዕል አስመጣ፣ ሁለት ዓይን ያላት፣ የምታብረቀርቅ። አልጋው ፊት ለፊት ሰቀለው። ባ አይተው፣ «ይህችኛዋ ሁሉንም ሰው ታያለች» አሉ። «ያችኛዋ ግን እኔን ብላ መጥታ ፊቷን አዞረችብኝ። እሷ ሳትዞር ሌላዋ ብታየኝ ምን ይሆናል?» ከዚያ በኋላ ያ ፖስተር ለእሳቸው ግድግዳ ነው።

እንቁ በየዓርቡ ቀሚሷን ትታ ጋሻውን ልትለምን መጣች። መጀመሪያ በለዘብታ ነበር፤ ጋሼ አንድ ዓይን እኮ ነው፣ ምን ይጎድልብሃል። እሱም ለእንግዳ የማይናገረውን የመምህሩን ሕግ ያስረዳታል። በኋላ መቆጣት ጀመረች። እኔም በቆርቆሮው በኩል ገባሁበት፤ የሰው ሃይማኖት ነው፣ አንተ ምን አገባህ፣ ለዶሮ ሁለት ዓይን ስትሰጥ ዝም ያለህ እግዜር ለዚህች ይቆጣል? አልኩት። ቆርቆሮውን ደበደበ። ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር ተኳረፈ፣ የአሁኑ ኩርፊያ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ጫቱን ይዞ ይገባል፣ ጢሙ አደገ፣ ዓብዱረዛቅ የሰጠውን ሥራ ሳይጀምር ተወው። ጫላ ልጁን አገኘኋት፣ ባለትዳር ናት፣ ባህር ዳር ትኖራለች ብሎ ሲመጣ እንኳ ተነስቶ አልጨበጠውም።

በሰኔ፣ ከምሲን የሚሉት ነፋስ ከተማውን በአሸዋ ሲደፍነው፣ እንቁ ዓርብ ሳይሆን መጣች። ዕረፍት አልነበራትም፣ ከሥራ ሾልካ ነው። ሱቄ በር ላይ ቆማ ጋሻውን ጠራችው፣ ሊገባ ሲል ክንዱን ይዛ አስቀረችው።

«ልንገርህና እሄዳለሁ» አለችው። ጋሼ አላለችውም። «ትናንት ጠዋት መጽሐፉን ያዢልኝ አሉኝ። ያዝኩ። ወደ ቀኝ አድርጊው አሉኝ፣ ወደ ቀኝ አደረግኩ። ከዚያ ራሳቸው ተነሱ፤ መነሳት የማይችሉት ሴት፣ አልጋውን ይዘው እየተሳቡ ወደ ጎን ሄዱ። ፊቷ በዞረበት በኩል። እዚያ ጋ ብቆም ታየኛለች ብለው ነው። አንገታቸውን አስግገው ከመጽሐፉ ጎን ቆሙ። ወረቀት እኮ ነው፣ ጎን የለውም። ከጎኑ ሲታይ ምንም የለበትም። ደግመው ወደዚያ ዞሩ፣ ደግመው ወደዚህ። ስወድቅ ያዢኝ እንኳ አላሉኝም። ዛሬም ያንኑ ነው የሚያደርጉት።»

ክንዱን ለቃው ሄደች። ጋሻው እዚያው ቆመ። ነፋሱ አሸዋውን ፊቱ ላይ ሲረጨው አልከለለም። እኔ መቀሴን አስቀምጬ ጠበቅኩት።

«ያቺ ሴትዮ እኮ እየዞረች እየፈለገቻት ነው» አለኝ በመጨረሻ። አልቅሶ አያውቅም ነበር፣ ያን ቀን አለቀሰ።

በማግስቱ ጠዋት ብሩሾቹን አጠበ፣ ቀለሙን በጠበጠ፣ ከእኔ ሸሚዝ ተዋሰ። አብሬው ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ። መንገድ ላይ ብዙ አላወራም፤ አንዴ ብቻ፣ «ጉንጯን ፍቄ አፍንጫዋን ወደ መሐል ማምጣት አለብኝ፣ ምላሷ ይቀራል፣ እሱ ጥሩ ነው» አለኝ። ሥራውን በጭንቅላቱ ጨርሶት ነበር። አካሄዱ እንኳ ተለውጦ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ሀራሙስ ሲደርስ ከቤቱ ፊት መኪናዎች ተደርድረዋል፣ በሩ ላይ የብዙ ሰው ጫማ ተከምሯል። ነጭ የለበሱ ሴቶች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። እንቁ ከጓሮ በር ወጥታ አየችው፣ የያዘውን ቀለምም አየች።

«ሌሊት አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ አገኘናቸው» አለችው። «መጽሐፉ ተገልጦ ነበር። በየትኛው በኩል ሲዞሩ እንደወደቁ አላወቅንም።»

ኪሾር ወጣ። ተቆጥቶ አልነበረም፣ ቢቆጣው ይሻለው ነበር። ገጹን ከጥራዙ ነቅሎ ይዞት ነበርና፣ «ይህን ከዚህ ቤት ውሰደው፤ እህቶቼ ማየት አልቻሉም» ብሎ አስጨበጠው። የቀረው መጽሐፍ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ለቅሶ የመጣ ሰውም እያገላበጠ ያምራል ይላል አለች እንቁ በኋላ።

ጋሻው ገጹን ይዞ መጣ። በሩን ዘግቶ እስከ ማምሻው ሠራ፤ ብሩሹ ከቀለም ዕቃው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ በቆርቆሮው በኩል ይሰማኛል። ጨርሷል ብዬ ስገባ ግድግዳው ላይ በምስማር መትቷት አገኘሁ። እኔ ሥዕል አላውቅም፣ ግን እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ጭንቅላቶቹ እንዳሉ ናቸው፣ ስለቱም እንዳለ ነው፤ ፊቷ ግን ሙሉ በሙሉ ዞሯል፣ ምላሷን ነክሳ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቿ አንድን ሰው አሁን እንዳየችውና እንዳወቀችው ሆና ታያለች። ባ ቢያዩዋት ምን እንደሚሆኑ አሰብኩ።

ጋሻውን ፈልጌ አጣሁት፤ ክፍሉ ከፍራሹ በቀር ምንም የለበትም። ለካ ከሥዕሉ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ጀርባውን ከግድግዳው ጋር ለጥፎ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«አልጋው ላይም ታየኛለች፣ በሩ ጋም ታየኛለች» አለኝ ቀና ሳይል። «የማታየኝ እዚህች ቦታ ብቻ ነው።»

ጨርቅ አንሥቼ ልሸፍናት እጄን ስዘረጋ፣ ተዋት አለኝ። ተውኳት። እሱም ከዚያ አልነሳም፣ ራቱን እዚያው አቀረብኩለት።